የተማሪዎች ሙዚቃ በከፍተኛ ትምህርት ተቋም፤ የድጋፉ አጭር ታሪክ

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ «የክወናና የእይታ ጥበባት» የተባለ ትምህርት ለአንደኛና ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች እንዲሰጥ ተደርጓል። ሙዚቃ የዚህ ትምህርት አንዱ ክፍል ነው። ከዚያ በፊትም፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ፣ በታችኞቹ ክፍሎች በሥነ ውበት ስም፣ ከፍ ባሉት ደግሞ በራሱ ስም ሲሰጥ ቆይቷል። ስለሆነም ሙዚቃ በትምህርት ቤት ቦታ ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ቢያንስ በወረቀት ላይ ያከተመ ነው። ያላከተመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ሕፃናቱን ዜማ እንዲያስተምር የሚጠበቀው መምህር ራሱ በሥልጠናው ዘመን አዚሞ፣ ክራር ደርድሮ ወይም ከበሮ መትቶ ያውቃል ወይ? የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ተወልዶ ያደገው በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ በተባለው ሰፈር ነው። የሰፈሩ ልጆች ሙዚቃን ያወቅነው ከትምህርት ቤት አልነበረም። ጎሕ ሳይቀድ በየደጃፉ ቆመው የሚያዜሙት ላሊበሎች፣ በሠርግ ድንኳን ማሲንቆውን ታቅፎ የሚገባው አዝማሪ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚመታው ከበሮ አስተማሪዎቻችን ነበሩ። ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በገባሁ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ከግቢው በር ውጭ ቀረ። በኮሌጁ ስድስት ክራር፣ ሁለት ማሲንቆና አንድ አኮርዲዮን መኖራቸውን ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመት፣ ለንብረት ቆጠራ ጉልበት እንድናግዝ በታዘዝንበት ቀን ነው። ክራሮቹ በጆንያ ተሸፍነው ከአሮጌ ወንበሮች ሥር ተከምረው ነበር።

«ጋሼ፣ ለእኛ ለምን አይሰጡንም?» ብለን የግምጃ ቤቱን ኃላፊ ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፣ አንዱ ቢሰበር ከእኔ ደመወዝ ነው የሚቆረጠው» አሉን።

ሰውየው ትክክለኛ ነገር ተናግረዋል። መሣሪያው የተገዛው ለተማሪ ቢሆንም፣ ተማሪ ሲጠቀምበት ለሚደርሰው ጉዳት ማን ኃላፊ እንደሚሆን፣ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ክፍል፣ በማንስ መሪነት እንደሚለማመዱበት የተጻፈ ነገር አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ለተማሪዎች ሙዚቃ ድጋፍ ተደርጓል» የሚል ሪፖርት ባነበብሁ ቁጥር ያ ጆንያ ይታየኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በከፍተኛ ትምህርት አካባቢ የተደረጉ ጥቂት ሙከራዎችን በታሪክ መልክ ተከታትሎ፣ የተማሪውን ሙዚቃ ያቆመው ምን እንደ ነበረና ያፈረሰውስ ምን እንደ ነበረ መመርመር ነው።

ተማሪን በዜማ ማሠልጠን በአገራችን ከዩኒቨርሲቲ ጋር የመጣ ነገር እንዳልሆነ የታወቀ ነው። በስድስተኛው ምእት ዓመት በአክሱም እንደ ነበረ የሚነገርለት የቅዱስ ያሬድ ዜማ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል አማካይነት በምልክት መደራጀቱን ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። በጉባኤ ቤት ሥርዓት ደግሞ እያንዳንዱ የዜማ ዘርፍ የሚመሰከርበት የታወቀ ስፍራ አለው፤ ድጓ በጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር። ለእኛ ለሥርዓተ ትምህርት ሠራተኞች ትኩረት የሚስበው ግን የአሠራሩ ስልት ነው። መምህሩ ለአንዱ ይነግሩታል፤ እርሱ ለሌላው ይቀጽላል፤ ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ዝቅ ያለውን ያስጠናል፤ የዕለቱ ቀለም ሳይያዝ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። መሣሪያው ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ብቻ ነው። የበዛው ሰዓት ነው። መምህሩ ከደብሩ በሚያገኙት ገቢ ይተዳደራሉ፤ ተማሪው ቁራሽ ለምኖ ይማራል፤ ጉባኤው ግን በየዕለቱ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት ይተከላል።

ይህን ስል ጉባኤ ቤቱን እንዳለ እንቅዳው ማለቴ አይደለም። ትምህርቱ ብዙ ዓመታት የሚወስድ፣ ለወንዶች ብቻ ክፍት ሆኖ የኖረ፣ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለውን ዜማ የማያካትት ነው። ዓለማዊው ሙዚቃ በአብዛኛው በአዝማሪ ቤተሰብ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ «አዝማሪ» የሚለው ስም ራሱ ለስድብ ይውል እንደ ነበር አንባቢ አይስተውም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ታዲያ ሁለት የተለያዩ ውርሶች ይጠብቁት ነበር፤ አንዱ የተከበረ ግን የተዘጋ፣ ሌላው ለሁሉ የሚሰማ ግን የተናቀ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በመጋቢት 1942 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት በአራት ኪሎ የተጀመረው ትምህርት ሳይንስንና ሥነ ጽሑፍን መሠረት ያደረገ ነበር። የሙዚቃ ክፍል አልነበረውም። ይሁን እንጂ በአንድ የጥበብ ዘርፍ ኮሌጁ ስሙ ይነሣል፤ ይኸውም በኮሌጅ ቀን በሚደረገው የግጥም ውድድር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተማሪዎች በዚህ መድረክ ያነበቧቸው ግጥሞች የድኻውን ኑሮ እያነሡ የአገሪቱን ሥርዓት እስከ መንካት ደርሰው ነበር። ይህ የሆነው ተማሪው ከሌላው ትውልድ የበለጠ ገጣሚ ሆኖ ስለ ተፈጠረ አይመስለኝም። ግጥሙ የተቆረጠ ቀን ነበረው፤ ዳኞችና ሽልማት ነበሩት፤ ከሁሉ በላይ የሚያዳምጠው ሰው ነበረው። ለግጥም የሚያስፈልገው ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። ሙዚቃ ግን ከዚህ በላይ ይጠይቃል፤ አንድ ሰው ክራር ለመልመድ ክራሩን በየቀኑ መያዝ፣ ለመቃኘትም የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው አጠገቡ እንዲኖር ያስፈልገዋል።

ኮሌጁን ከሌሎች ተቋማት ጋር አጠቃሎ የያዘው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል በተባለው ቤተ መንግሥት ተከፈተ። በ1950ዎቹ አጋማሽም በግቢው ውስጥ የኪነ ጥበባት ማዕከል ተቋቋመ፤ በኋላ የባህል ማዕከል የሚል ስም የያዘው ይኸው ነው። ቴአትርና ሙዚቃ በከፍተኛ ትምህርት ግቢ ውስጥ የራሳቸው ቤት ሲያገኙ በአገራችን የመጀመሪያው ጊዜ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አቶ ተስፋዬ ገሠሠን የመሰሉ የቴአትር ሰዎች በዚህ ማዕከል ሠርተዋል። በሙዚቃ በኩል ግን ዋናውን እርምጃ የወሰዱት ከግብፅ የመጡ ሰው ናቸው።

ሐሊም ኤል ዳብ በካይሮ ከቅብጥ ቤተሰብ የተወለዱ፣ በኋላ አሜሪካዊ ዜግነት ያገኙ የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ በሽቦ መቅረጫ የሠሩት ሥራ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀደምት ሙከራዎች መካከል ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 በዩኒቨርሲቲው ሲያስተምሩ የአገሪቱን የዜማ መሣሪያዎች በቅርብ አጠኑ፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ቡድን አቋቋሙ። እስከ 30 የሚደርሱ ባለሙያዎች ያሉበት ይህ ቡድን የአማራን፣ የትግራይን፣ የኦሮሞን፣ የወላይታንና የጊሚራን ጨዋታ በአንድ መድረክ ያቀርብ ነበር። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ ጎን ለጎን ተሰለፉ።

ይህ ዛሬ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሥራውን ክብደት የሚያውቀው ሁለት ክራር ተጫዋቾችን አንድ ላይ ለማስቀመጥ የሞከረ ሰው ነው። ክራር የሚቃኘው ለያዘው ሰው ድምፅ ነው፤ የአንዱ ትዝታ ከሌላው ትዝታ በከፍታ ይለያል፤ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም እንዲሁ። ማሲንቆው አንድ የጭራ ክር ብቻ ስላለው ዘፋኙን ተከትሎ ይሄዳል፤ ዋሽንት ግን አንድ ጊዜ ከተበሳ ድምፁ የተወሰነ ነው። እነዚህን ለማስማማት አስቀድሞ አንድ መነሻ ድምፅ መወሰን፣ ዋሽንቱን በዚያ ልክ መብሳት፣ ክራሩን በዚያ ልክ መቃኘት፣ ዘፋኙንም በዚያ ልክ እንዲያዜም ማስለመድ ያስፈልጋል። ይህ በአንድ ሳምንት የበዓል ዝግጅት የሚሠራ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ እምቢልታ ጥቂት ማለት እወዳለሁ፤ ለክፍል ትምህርት የሚሰጠው ጥቅም የተዘነጋ ስለሚመስለኝ ነው። እምቢልታ በሦስት ሰዎች ይነፋል፤ እያንዳንዱ ነፊ ያለው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው ሙሉ የሚሆነው አንዱ ሲያቆም ሌላው፣ ሌላው ሲያቆም ሦስተኛው ሲገባ ነው። ሃምሳና ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል የያዘ መምህር በሦስት ዓይነት ቁመት በተቆረጠ ሸምበቆ ይህንኑ ማስለመድ ይችላል። ለዚህ ከውጭ የሚገዛ ዕቃ አያስፈልግም።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ኦርኬስትራው ለዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሰጠው ትልቁ ነገር ክብር ነው። እቤቱ ማሲንቆ እንዳይነካ ሲከለከል ያደገ ወጣት፣ ያንኑ ማሲንቆ በዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ አየው። እንዲያውም አሜሪካዊው የሰላም ጓድ ቻርልስ ሰተን ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ተምሮ ከቡድኑ ጋር ሲጫወት ብዙዎችን ሳያስገርም፣ አንዳንዶቹንም ሳያሳፍር የቀረ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1969 ቡድኑ የዓባይን ስም ይዞ በአሜሪካ ተዘዋውሮ እንዲጫወት ያስተባበረውም ይኸው ሰተን ነበር።

ድክመቱንም መናገር ይገባል። ኦርኬስትራው የባለሙያዎች ቡድን እንጂ የተማሪዎች ቡድን አልነበረም፤ ተማሪው በብዛት ተመልካች ሆኖ ቀርቷል። ሁለተኛውና ለፕላን ሠራተኞች የበለጠ ትምህርት ያለው ድክመት የአመራሩ ነው። ኤል ዳብ በ1964 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ የሰላም ጓዱ ጆን ኮ ተረከበ፤ በ1966 ደግሞ እርሱም ለቀቀ። ይህ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ መሪነቱ ሁለት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ ማለት ነው። ሰዎቹ በቅን ልቡና እንደ ሠሩ አያጠራጥርም፤ የውል ዘመናቸው ግን ሥራውን ከእነርሱ ጋር ይዞት ሊሄድ ይችል ነበር። ያላስኬደው አቶ ተስፋዬ ለማ ናቸው። ከ1966 ጀምሮ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ወደ ዘጠኝ ዓመት ያህል፣ ቡድኑን የመሩት፣ ዜማ የደረሱለት፣ ያስተካከሉት እርሳቸው ነበሩ። ቡድኑ ዛሬ የሚታወቅባቸው ቅጂዎች፣ ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ ዕትም በ23ኛው ቁጥር የወጡትም ጭምር፣ በአንድ ሰው ጽናት ላይ የቆሙ ናቸው።

በዚያው ዘመን ሌላው ጥረት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። በአሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩት አሸናፊ ከበደ ትምህርት ቤቱን በመጀመሪያ ዓመታቱ መርተው መሠረት አስይዘዋል፤ ከአርመን ቤተሰብ የመጡት ነርሲስ ናልባንዲያንም በዚያ አስተምረዋል። የፒያኖና የቫዮሊን ትምህርት ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መሰጠቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። የትምህርት ቤቱ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚጠይቅ ስለሆነ እዚህ አልዘረዝረውም። በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኗል። ነገር ግን ያሬድ የሙዚቃ ባለሙያ የሚወጣበት ነው፤ እኔ የምጠይቀው ስለ ጂኦግራፊው፣ ስለ ሒሳቡና ስለ አማርኛው ተማሪ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው ከእንጦጦ ላይ አገኛለሁ።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለሚመለከት የእንጦጦ ተራራ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ይታያል። አቶ ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት በዚያ በእንጦጦ ነው። ዕድሜያቸው 12 ዓመት ሲሆን ስመ ጥሩው የበገና መምህር አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ለማስተማር ወደ አካባቢው መጥተው ጎረቤት ሆኑ። ልጁ የበገናውን ድምፅ ሰማ፤ ተጠግቶም ተማረ። ከዚያ በኋላ በዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦግራፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ተመረቁ፤ ሙያቸውም የጂኦግራፊ መምህርነት ነበር። በዚሁ በ1972 የተቀዳው በገናቸው በዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ ገብቶ ዓለም ሰማው። ከዚያም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሰባት ዓመት ያህል በገና አስተማሩ።

በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሩ ከበግ አንጀት ይሠራል፤ በአውታሩና በመቆሚያው መካከል የምትገባው እንዚራ የተባለች ቁራጭ ቆዳ ያንን የሚነዝር ድምፅ ትሰጠዋለች። እንዚራዋን አስተካክሎ ማስቀመጥ በጽሑፍ የሚገለጽ አይደለም፤ መምህሩ ተማሪው እጅ ላይ እጁን አድርጎ ያሳየዋል። ለዚህም ነው የአለቃ ተሰማ ጎረቤትነት ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የበለጠ ዋጋ የነበረው። ለበገና ትምህርት ብሎ አለቃን እንጦጦ ላይ ያሰፈረ ፕላን ነበር ለማለት አያስደፍርም። አንድ ዐዋቂ አንድ ሰፈር ኖረ፤ አንድ ልጅ በየዕለቱ ሊያገኘው ቻለ፤ ውጤቱም ከዩኒቨርሲቲው የወጣ፣ ክፍል ገብቶ ካርታ የሚያስነብብ፣ በገናም የሚደረድር መምህር ሆነ። በዕድል የተገኘውን ይህን ነገር በፕላን ማግኘት ይቻላል ወይ? የእኔ ጥያቄ ይህ ነው።

የተከተለው ዘመን ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሄዱ፤ የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርት ተቋረጠ። የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ዘመን ያበቃውም በዚያ አካባቢ ነው። በገና የሃይማኖት መሣሪያ ነው ተብሎ ከያሬድ የትምህርት ዝርዝር በወጣ ጊዜ አቶ ዓለሙም ከማስተማሩ ወጡ። አንድ ትምህርት በአንድ ውሳኔ ሲዘጋ ጉዳቱ የዚያ ዓመት ተማሪ ብቻ አይደለም፤ እጅ ለእጅ የሚተላለፈው ሰንሰለት ይበጠሳል።

በሌላ በኩል በዚያው ዘመን በየቀበሌውና በየከፍተኛው የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። ስለ እነዚህ ቡድኖች ብዙ ሰው በንቀት ይናገራል፤ የሚዘፍኑት መፈክር ነበር ይላል። መፈክሩ እውነት ነው፤ የሚዘፈነውን የሚወስነው ሌላ ነበር። ይሁን እንጂ አዳራሽ ነበራቸው፤ መሣሪያው ተማሪው እጅ ይገባ ነበር፤ የልምምድ ሰዓታቸው የታወቀ ነበር። ኋላ ታዋቂ የሆኑ ብዙ ድምፃውያንና ተጫዋቾች ጀማሪነታቸው በቀበሌ ኪነት መሆኑን ራሳቸው ይናገራሉ። በአሠራር ረገድ ከብዙ ኮሌጆቻችን የተሻለ ሥርዓት ነበራቸው ብል ፍርደ ገምድል እንዳልባል ተስፋ አደርጋለሁ። የጎደለው ነፃነቱ ነበር፤ ያም ትንሽ ጉድለት አይደለም።

የከፍተኛ ትምህርት ተማሪው ግን ከማንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ ያቋቋማቸው የዜማ ማኅበራት አሉ፤ እነርሱም በሃይማኖት ጉባኤያት ውስጥ ያሉት መዘምራን ናቸው። በ1959 ዓ.ም. በተመሠረተችው የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ከመጀመሪያዎቹ መዘምራን ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ በኩል ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ማኅበረ ቅዱሳን በየዩኒቨርሲቲው ያደራጃቸው ግቢ ጉባኤያት መዝሙርንና ከበሮን ለብዙ ሺህ ተማሪዎች አስለምደዋል። ይህ ጽሑፍ ስለ እምነት የሚናገር አይደለም። እንደ ሥርዓተ ትምህርት ሠራተኛ የምመለከተው አሠራሩን ብቻ ነው። ልምምዱ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ነው፤ ነባሩ ተማሪ አዲሱን ያስጠናል፤ የሚቀርበውም በዓመት አንድ ጊዜ ለምረቃ በዓል ሳይሆን በየሳምንቱ ለሚያዳምጥ ጉባኤ ነው። ጉባኤ ቤቱ የነበረው ሁሉ እዚህ አለ። በኮሌጅ የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው የተገላቢጦሹ ነው፤ ክበቡ የሚጠራው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ እንግዳው ሲሄድ ክበቡም ይበተናል።

የቀረው ጥያቄ የዐዋቂው ደመወዝ ነው። ከሌጎን፣ ከጋና ዩኒቨርሲቲ፣ የሚገኘው ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአፍሪካ ጥናት ተቋምና የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት በዚያ ሲቋቋሙ፣ ፕሮፌሰር ክዋቤና ንኬቲያን የመሰሉ ምሁራን ከባህላዊ ከበሮ መቺዎች ጋር አብረው ሠሩ፤ ዲፕሎማ የሌላቸው የከበሮ ሊቃውንትም በአስተማሪነት ተቀጠሩ። ዩኒቨርሲቲው የሰውየውን እጅና ጆሮ እንደ ማስረጃ ተቀበለ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ኤል ዳብ ባለሙያዎቹን ወደ ግቢው አስገቡ፤ ነገር ግን በግቢው የትምህርት መዋቅር ውስጥ ቋሚ ቦታ አልተከፈተላቸውም። ሁለቱ ሙከራዎች በአንድ ዘመን ተጀምረው በተለያየ መንገድ የሄዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው ከታሪክ መጽሐፍ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። በአሁኑ ጊዜ በምሠራበት ኮሌጅ አንድ አዛውንት የማሲንቆ ባለሙያ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። እርሳቸውም የሚኖሩት በአዲሱ ገበያ ነው፤ በአፍንጮ በር በኩል አቋርጠው እስከ ስድስት ኪሎ በእግራቸው ይወርዱና ከዚያ ታክሲ ይይዛሉ። ማሲንቆውን በነጠላ ጠቅልለው ነው የሚይዙት። ሠልጣኞቹ «አባባ» ይሏቸዋል። የሚማሩት ሠልጣኞች የሒሳብ፣ የአማርኛና የአካባቢ ሳይንስ ተመዳቢዎች ናቸው፤ ለዚህ ትምህርት ውጤት አይያዝላቸውም። ክፍሉ የዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ ነው፤ ወንበሮቹን አስወጥተን መስኮቱን አስከፈትን። ለክራሮቹም አንድ ወረቀት አዘጋጀን፤ በልምምድ ላይ የተበጠሰ አውታር በሥራ ላይ ያለቀ ዕቃ ሆኖ እንዲመዘገብና ከማንም ደመወዝ እንዳይቆረጥ የሚል ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማስፈረም ሰባት ወር ፈጅቷል።

ያልተፈታው የአባባ ክፍያ ነው። የትርፍ ሰዓት አስተማሪ መቅጠሪያ ቅጹ «የትምህርት ደረጃ» የሚል ሣጥን አለው፤ ባዶ ከተተወ ሒሳብ ክፍል ይመልሰዋል። መጀመሪያ «ጉባኤ ቤት ዳዊት የደገሙ» ብለን ጻፍን፤ ተመለሰ። ቀጥሎ «የሃምሳ ዓመት የሙያ ልምድ» ብለን ጻፍን፤ ይህም ለልምድ በተዘጋጀው ሣጥን ውስጥ ይግባ ተብሎ ተመለሰ። በመጨረሻ ክፍያቸው ግቢውን በሚያጸዱት የቀን ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ እንዲወጣ ተደረገ፤ በዚያ ዝርዝር ላይ የትምህርት ደረጃ አይጠየቅም። ዝርዝሩ ላይ ሲፈርሙ የሥራው ዓይነት በሚለው ረድፍ ምን እንደ ተጻፈ አንድ ሠልጣኝ አነበበላቸው። አባባ ሳቁ፤ «እሱም ቢሆን ሥራ ነው» አሉና ጣታቸውን ከቀለሙ ላይ ጠርገው ማሲንቆውን ከነጠላው ፈቱ። በዚያን ቀን አሥራ አራት ሠልጣኞች መጥተው ነበር፤ ከመካከላቸው ሦስቱ ትዝታን ራሳቸው ቃኝተው ጠበቋቸው።